ክስ ሲጠብቅ የኖረ ጠበቃ

አንድ ጠበቃ ነበረ። የሚቆመው ለተከሳሽ ብቻ ነው። የሠራተኛውን እጅ ማሽን የበላበት ፋብሪካ፣ እርጉዝ አስተናጋጁን ያሰናበተ ሆቴል፣ በሽተኛ የሞተበት ክሊኒክ፣ አካል ጉዳተኛ አልቀጥርም ያለ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም መጥሪያ በደረሳቸው ማግስት የእሱን ቢሮ ደረጃ ይወጣሉ። ጉዳዩ ስስ ሲሆን፣ ሰው ሊንጫጫበት የሚችል ሲሆን፣ «እሱ ዘንድ ሂዱ» ይባላል።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ልጄ፤ ትንሽ ታገሺኝ። «ጋሼ፣ ነፍሰ ጡሯን ጓደኛዬን ከመሥሪያ ቤታችን ያሰናበተውን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን እስከ ዛሬ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ካልከሰሰችኝ ለምን ብዬ ልቆስቁሰው?» ነው ያልሽኝ። ያ ጠበቃም ይህንኑ ጥያቄ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ራሱን ሲጠይቅ ኖሯል። አንቺ እንዳደረግሽው ወደ ሰው ይዞት ለመሄድ ግን አልደፈረም።

ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ሐሰተኛ ምስክር አቁሞ አያውቅም፣ ዳኛ ቤት በግ አስነድቶ አያውቅም። የተከሰሰ ሁሉ ከጎኑ የሚቆም ሰው ይገባዋል ብሎ ያምናል፤ እኔም አምናለሁ፣ አንቺም የጥብቅና ሥራሽን ብትተዪው ደስ አይለኝም። ያለ አግባብ የተከሰሱ ብዙ ሰዎችን ነፃ አውጥቷል። ደግሞ ትጉ ነበር፤ መዝገብ ይዞ ሲቀመጥ ምሳ ሰዓት ማለፉን የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር።

አንድ ደንብ ግን ነበረችው። ደንበኛው ገና ወንበር ላይ ሳይደላደል፣ «የተጎዳው ሰው ዘንድ አይሂዱ። አይደውሉ። ሰው አይላኩ። ሞቶም ከሆነ ለቅሶ አይድረሱ» ይለዋል። ደንቧን የተማረው በጀማሪነቱ ነው። የእሱ ደንበኛ የሆነ አንድ ሐኪም፣ በእጁ የተጎዳችበትን ታካሚ ሊጠይቅ ሄዶ አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሎ አለቀሰ። በቀጠሮው ቀን አልጋው አጠገብ የነበሩ ሦስት አስታማሚዎች ለምስክርነት ቆሙ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ጠበቃው «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ከሰማ፣ ቤት ውስጥ ጋዝ እንደሸተተው ሰው ይደነግጣል። «መልስ የሚሰጠው ክስ ሲቀርብ ነው። ሳይከሱህ የምትመልሰው ምን አለ?» ይል ነበር። ደንበኞቹም ይህን ሰምተው እፎይ ብለው ይወጡ ነበር።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስሽ። ይህ ሰው ተማሪ ሳለ ስንሻው የሚባል ዐይነ ስውር የመኝታ ክፍል ጓደኛ ነበረው። በዚያ ጊዜ የሕግ መጽሐፍ በብሬል አልነበረም፤ ዐይነ ስውር ተማሪ የሚማረው የሚያነብለት ሰው ካገኘ ነው። ስንሻውን የገጠመው አንባቢ ይኸው የኛ ጠበቃ ነበር። ማንም አላዘዘውም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ አነበበለት፣ በማግስቱ ዐሥር ገጽ፣ ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ አነበበለት።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ስለማይቻል የሚቀመጡት ከመኝታ ሕንፃው ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ነበር። ወዲያና ወዲህ ልብስ ይታጠባል፣ እሱ አንቀጽ ያነባል። ስንሻው ጆሮውን ደግኖ ይሰማና ድንገት «ቆይ!» ይለዋል። ከዚያ ክርክር ነው። ሕግ አውጪው ምን አስቦ ነው፣ ይህ አንቀጽ ከዚያኛው ጋር አይጣላም ወይ፣ ድሃ በዚህ አንቀጽ እንዴት ይጠቀማል። ጠበቃው ለፈተና ሲቀመጥ የሚያስታውሰው ያነበበውን አልነበረም፤ ስንሻው «ቆይ» ያለበትን ቦታ ነበር። ሁለቱም በከፍተኛ ውጤት ተመረቁ።

የስንሻው እናት በየወሩ መጨረሻ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ስንቅ ይልካሉ። ሁለት ከረጢት ነው የሚልኩት፤ አንዱ ለስንሻው፣ አንዱ «ለዐይኑ»። የልጃቸውን አንባቢ እንዲህ ነበር የሚጠሩት። በከረጢቱ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ለጉሮሮው ደግሞ ዝንጅብል አለ። በጥምቀት ሰሞን አብረው አገር ቤት ሲሄዱም ሴትዮዋ መኝታቸውን ለቀው እሱን አልጋ ላይ አስተኝተውታል። ጠበቃው እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነበርና ይህን ሁሉ እያሰበ ሆዱ ይባባ ነበር።

ተመርቀው በወጡ በአራተኛው ዓመት ስንሻው ለአንድ የመድን ድርጅት የሕግ ክፍል አመለከተ። የጽሑፍ ፈተናውን አንባቢ ተመድቦለት አንደኛ ሆኖ አለፈ። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ግን በትሩን አዩና «እናሳውቅሃለን» ብለው ሸኙት። ያሳወቁት ሁለተኛውን መቅጠራቸውን ነው። ስንሻው በአካል ጉዳቴ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ከሰሰ፤ ጠበቃ የሚያቆምበት አቅም ስላልነበረው ራሱ ተከራከረ።

ድርጅቱ መዝገቡን ይዞ ወደ ማን እንደሄደ መቼም ገብቶሻል።

ጠበቃው የከሳሹን ስም ደጋግሞ አነበበው። ያን ጊዜ ገና አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ፣ ስሙን ማንም የማያውቅ ጠበቃ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ትልቅ ነው፤ ይህን አልይዝም ካለ ሌላውን አያመጡለትም። «እኔ ባልይዘው ሌላው ይይዘዋል» አለ። «ሌላው ከሚያዋርደው እኔ በጨዋነት ብይዘው ይሻላል» ብሎም ጨመረበት። ሰው ራሱን ሲሸነግል ምክንያት አንድ አይበቃውም። መዝገቡን ተረከበ።

ክርክሩ ዋለ አደረና ስንሻው ራሱ ቃሉን የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ጠበቃው ተነሣ፣ ካባውን አስተካከለ። አራት ዓመት አንተ ሲለው የኖረውን ሰው አንቱ አለው።

«ከሳሽ፣ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዎ አንድ ገጽ እንኳ ያለ ሌላ ሰው አንብበው ያውቃሉ?»

ስንሻው ድምፁ ወደ መጣበት ፊቱን መለሰ። «አላውቅም» አለ።

«እንግዲያው የሚያነቡትን ምስጢር ሁሉ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ያውቀዋል ማለት ነው?»

«አዎ» አለ ስንሻው። «ያውቀዋል።»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄዬን ጨርሻለሁ።»

ጎበዝ ጠበቃ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ አይጠይቅም ይባላል፤ አንቺም ተምረሽዋል። ይህኛው መልሱን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። የደንበኞች ምስጢር የሚያዝበት ሥራ ለሁለተኛ ሰው ጆሮ ሊጋለጥ አይችልም ብሎ ተከራከረ፣ ዳኛውም ተቀበሉት። ክሱ ውድቅ ሆነ። ያን ቀን የድርጅቱ ሰዎች ጠበቃውን በመኪና ይዘውት ሄደው ምሳ ጋበዙት። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክስ መጠበቅ ጀመረ። ስንሻው ደውሎ ይሰድበኛል አለ፤ አልደወለም። ስንሻው ለጠበቆች ዲሲፕሊን ጉባኤ ያመለክታል አለ፤ ማንም አላመለከተም። አብረው የተማሩት ሰዎች ይነግሩኛል፣ ስምህን እንዲህ አድርጎ አነሣው ይሉኛል ብሎ ጠበቀ፤ የሚሉት «ስንሻው አገሩ ገባ፣ ደኅና ነው» ብቻ ነው። መልሱን ግን አዘጋጅቷል። ስንሻው «እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ?» ቢለው የሚለውን ሁሉ በልቡ አሰናድቷል፣ ማስተባበያውንም ይቅርታውንም። ክሱ አልመጣም። እሱም ያቺን የለመዳትን ደንብ አወጣና ራሱን እንደ ደንበኛ መከረው። አትሂድ፣ አትደውል፣ ሰው አትላክ። ካልከሰሰህ ምን ትመልሳለህ?

እንጀራው ሰፋ። ቢሮው ከአንድ ክፍል ወደ አንድ ፎቅ ሆነ። ናፍቆቱም አብሮት ሰፋ። አዲስ መዝገብ ሲመጣለት በሩን ዘግቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከተማሪነቱ ጀምሮ ዝም ብሎ ማንበብ አይገባውም። እያነበበ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያ ጋ አንድ ሰው «ቆይ!» ማለት ነበረበት። ማንም አይልም። ያን ጊዜ ወረቀቱን አስቀምጦ መስኮቱ ጋ ይቆማል። ሚስት አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል፣ ወዳጆችም ነበሩት። ግን የሚናፍቀው ሰው አንድ ነበር፣ የሚያፍረውም ከዚያው ሰው ነበር። ይህ ሲገጥም ክፉ ነው፣ ልጄ።

በሰባተኛው ዓመት የስንሻው እናት ሞቱ። የነገረው አንድ የክፍል ጓደኛው ነው፣ እንዲሁ መንገድ ላይ ቆመው ሲያወሩ። ጠበቃው ቤቱ ገብቶ ጥቁር ልብሱን ለበሰ፣ ጋቢውን ያዘ፣ መናኸሪያ ሄደ። ወደ ስንሻው አገር የምትሄደው አውቶቡስ ቆማ ነበር፣ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ጠበቃው እግሩን ከበሩ መወጣጫ ላይ አሳርፎ ቆመ። ያ በውስጡ የሚኖረው መካሪ ግን ዝም አላለም። «ብትሄድ እንዳመንክ ይቆጠራል። ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ያይሃል። ስንሻው ምን እንዳሰበ አታውቅም» አለው። ረዳቱ ተቆጣ። «ጋሼ፣ ይገባሉ አይገቡም?» አለው። ሌላ ሰው ገፍቶት ገባ፣ አውቶቡሷም ሄደች።

ያን ዕለት ጠበቃው እቤቱ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ብቻውን ተቀምጦ አለቀሰ። ሚስቱ ማን ሞተብህ ስትለው «አንዲት ሴት» አላት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ገባ። አንድ ቀን የዱቄት ፋብሪካ ያለው አንድ ሽማግሌ መጣ። የማሽኑ ቀበቶ ጎትቶት አንድ ሠራተኛ ሞቷል፤ ቀበቶው መሸፈኛ አልነበረውም። ጠበቃው እንደ ልማዱ ደንቡን ነገረው። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ሰማና ወጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ፊቱ ፈካ ብሎ ተመልሶ መጣ።

«ሄድኩ» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«የት ነው የሄዱት?»

«ለቅሶ ነዋ! የት እሄዳለሁ?»

ጠበቃው ብዕሩን ጣለ። «ምን አሉ? ምን ብለው ተናገሩ?»

«ምን እላለሁ፣ ጌታው። ደረቴን መታሁ። እኔ ነኝ ልጃችሁን የገደልኩት፣ መሸፈኛውን ዛሬ ነገ ስል ነው አልኩ።»

«በስንት ሰው ፊት?»

«ድንኳን ሙሉ ሰው ነበራ።»

«እንግዲህ አለቀልን!» አለ ጠበቃው። «ያ ሁሉ ሰው ምስክር ነው። ገና ክስ እንኳ አልመሠረቱም እኮ! ምን አስቸኮለዎት?»

ሽማግሌው ነገሩ አልገባውም። «እሱን እኮ ነው የምልህ» አለ። «ገና ስላልከሰሱኝ ነው የሄድኩት። ከሰውኝ ብሄድ ኖሮ ማን ያምነኛል? ክሱን ፈርቶ መጣ ነበር የሚሉኝ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀጠለ። «አባትየው ብዙ ቆየ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። በመጨረሻ ንፍሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ብላ አለኝ። በላሁ። ካሳውን ዳኛ የቆረጠውን እከፍላለሁ፣ አንተም የምትከራከረውን ተከራከርልኝ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ግን ንፍሮ በልቻለሁ።»

ሽማግሌው ከወጣ በኋላ ጠበቃው ቁጭ እንዳለ ቀረ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንሻው እስኪከሰው ሲጠብቅ ነበር። ቢከሰውማ ኖሮ የሚናገረው ሁሉ መከላከያ ይሆን ነበር። ይህ አሁን ገባው፤ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። የከሰዓት ቀጠሮዎቹን ጸሐፊዋ እንድታራዝም እንኳ አልነገራትም።

ስንሻው ያለባት ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ናት። ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ራፖር ጸሐፊዎች፣ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች፣ በሸራ ዳስ ሥር ተደርድረው ይሠራሉ። ስንሻው አንዱ ነበር። እሱ ይናገራል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ በኮምፒውተር ትጽፋለች። ሰልፉ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፤ ሕግ ተምሮ በዳስ ሥር የሚጽፍ እሱ ብቻ ነዋ። ጠበቃው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ አምስት ሰዎች ነበሩ። ስንሻው ጠጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ባለጉዳይን ሁሉ በዚያ ድምፅ ይጠይቃል፤ ማን በደለዎት፣ ምን በደለዎት፣ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ። ጠበቃው ያን ድምፅ ከመናፈቁ ብዛት ሰልፉ ባያልቅ ወደደ፣ ግን አለቀ።

«ይቀመጡ» አለው ስንሻው። «ማን በደለዎት?»

«ጉዳዩ እንደሚታወቀው...» ብሎ ጀመረ ጠበቃው። የስንሻው እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አለ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ በላይ አላስፈለገውም።

«የተበደልኩ አይደለሁም» አለ ጠበቃው። «የበደልኩ ነኝ።»

ስንሻው ወደ ባለቤቱ ዞረ። «ተይው፣ ይህን አትጻፊው» አላት።

«ትጻፈው» አለ ጠበቃው። ባለጉዳዮቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይሰማሉ። «ተበዳይ ስንሻው ነው ብለሽ ጻፊ። በዳዩ እኔ ነኝ። አራት ዓመት አነበብኩለት፣ በነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ እናቱ ልጄ ብለው አበሉኝ። ኋላ እንጀራ ፈልጌ ያንኑ ማንበቤን ችሎት ፊት ጉድለቱ አድርጌ አቀረብኩበት። ሥራ አሳጣሁት። እናቱ ሲሞቱም ፈርቼ ቀረሁ። ይህ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሴትዮዋ ባሏን ታያለች፣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ናቸው።

«ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ?» አለው ስንሻው።

ያን ሁሉ መልስ ሲያሰናዳ የኖረ ሰው ለዚህኛው ጥያቄ አልተዘጋጀም ነበር። «ምንም» አለ። «ናፍቀኸኛል። ሌላ ምንም የለም።»

ያን ጊዜ ስንሻው ተናገረ። «መቃወሚያ ነበረኝ እኮ። የተከሳሽ ጠበቃ የገዛ አንባቢዬ ነው፣ ምስጢሬን ሁሉ ያውቃል፣ በኔ ላይ ሊቆም አይገባውም ብል ዳኛው ከመዝገቡ ያስወጡህ ነበር። ፈቃድህንም ሊያሳጣህ ይችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

«ጉሮሮህ እስኪሻክር አራት ዓመት ያነበብክልኝ ሰው ነህ። እንጀራህን ልዝጋው?» እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የጠበቃውን እጅ ፈለገና ያዘው። «አልዋሽህም፣ ጥያቄህ አቁስሎኛል። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ፍርዱ የተነበበ ቀን ግን ዋናው በር ላይ ቆሜ ስጠብቅህ ዋልኩ። ዘበኛው በሩን ሲዘጋ ነው የሄድኩት።»

«ልትወቅሰኝ?»

«ይቅር ብዬህ ነበር» አለ ስንሻው። «እሱን ልነግርህ ነው የጠበቅሁህ።»

ጠበቃው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እዬዬ አለ። ሴትዮዋ ቢጨንቃት ተነሥታ ባለጉዳዮቹን «ከምሳ በኋላ ተመለሱ» አለቻቸው። እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ።

ዕርቁን አሳምሬ እንድነግርሽ አትጠብቂ። ታርቀዋል፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይጠያየቃሉ። ግን የስንሻውን እናት መቃብራቸው ላይ ነው ያገኛቸው። የስንሻው ልጆች አድገው አግኝተውት አንቱ አሉት፤ አጎቴ የማለት ዕድሜያቸው ሳያውቁት አልፏል። አንድ ቀን ደግሞ ጠበቃው አንድ አዲስ አዋጅ ገዝቶ ሄዶ «ላንብብልህ» ቢለው፣ ስንሻው «አሁን ስልኬ ታነብልኛለች እኮ» አለው። ክፋት አስቦ አልነበረም፣ እንዲያው ደስ ብሎት የነገረው ዜና ነው። ጠበቃው «ጥሩ ነው» አለና መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ያ ጠበቃ ነሽ። ችሎት ውስጥ አስቀድሞ የሚናገረው ተበዳይ ነው፤ ከሳሽ ይጀምራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል። ለችሎት ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ሰውና ሰው መካከል ግን አስቀድሞ መናገር የበዳይ ድርሻ ነው። ጠበቃው የችሎቱን ሥርዓት እቤቱ ይዞት ገባና ወዳጁን ከሳሽ እስኪሆን ጠበቀው። አንቺም ጓደኛሽን እንዲሁ እየጠበቅሻት ነው።

«አልከሰሰችኝም» ትያለሽ። ደብዳቤውን ማን እንዳረቀቀው የማታውቅ ይመስልሻል? ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ አብራሽ የጻፈች ልጅ፣ አጻጻፍሽን ከመጀመሪያው መስመር ትለየዋለች። ታውቃለች። ለምን ዝም እንዳለች እኔ አላውቅም። ይቅር ብላሽም ይሆናል፤ ፊትሽ ላይ በሯን ትዘጋውም ይሆናል፣ ያ መብቷ ነው። ያም ሆነ ይህ እዚህ ከኔ ጋር ተቀምጠሽ አታውቂውም። ደንበኛም አድርገሽ ራስሽን አትምከሪ፤ ጎበዝ ጠበቃ ነሽና ራስሽን ታሳምኛለሽ።

ያን ጊዜ በሆዷ የነበረችው ሕፃን ስንት ዓመት ሆናት አልሽኝ? ሁለት? እንግዲያው ገና ሰው የምትለምድበት ዕድሜ ነው። ተነሺ፣ ልጄ፣ ሳይጠሩሽ ሂጂ።